አብክመ ማን ነው? ስለ ምኅጻረ ቃላት አነባበብ
ባሕር ዳር ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው የማያነበው ወረቀት የለም። ውሉ፣ ማመልከቻው፣ የሠርግ ጥሪው፣ ሁሉም በእጁ ያልፋል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዘጌ በጀልባ የተሻገሩ እናት ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ደብዳቤ ፈትተው ሰጡኝ።

«እስቲ አንብብልኝ ልጄ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

ከራስጌው ጀምሬ «በአብክመ...» ከማለቴ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ቆይማ፣ ይሄ አብክመ የሚሉት ሰውዬ ማን ነው? ባለፈውም ወረቀት ላይ እሱው ነበር።»

«ሰው አይደለም እማማ። የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ማለት ነው፤ ሲያጥር ነው እንዲህ የሚሆነው።»

«ታዲያ መንግሥት ነኝ አይልም?»

ሳቅሁ እንጂ መልስ አልሰጠኋቸውም። በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። አብክመን እንደ ሰው ስም አድርገው የሰሙት አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም። ቃሉ ራሱ እንደ ስም ስለሚነበብ ነው። እዚያው ደብዳቤ ላይ «ጽ/ቤት» የሚል ነበር፤ «ወ/ሮ» የሚልም ነበር። እነዚህን ሳነብ ግን «ጽ ቤት የሚሉት ማን ነው?» አላሉኝም፤ ምክንያቱም «ጽሕፈት ቤት»፣ «ወይዘሮ» ብዬ ዘርግቼ ነው ያነበብኩላቸው። ሦስቱም ያጠሩ ጽሑፎች ናቸው፤ አፍ የሚያደርጋቸው ግን ለየቅል ነው። ምኅጻረ ቃልን ከምኅጻረ ቃል የሚለየውም ይኸው ነው፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። «ምኅጻረ ቃል» የግእዝ ስም ነው፤ ግሡ «ኀጸረ» ነው፣ አጠረ ማለት። እንዲያውም ኀጸረና አጠረ አንድ ሥር ናቸው። የግእዙ «ጸ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፤ ግእዙ «ጸብሐ» ያለውን እኛ «ነጋ ጠባ» ስንል እንደምናነሣው ማለት ነው። ስለዚህ ምኅጻረ ቃል ሲባል አጭር የሆነ ቃል ሁሉ ይገባበታል፤ ወ/ሮም፣ ዓ.ም.ም፣ ዩኔስኮም፣ አልማም። ግራ የሚያጋባው አንድ ስም ለሁሉም መዋሉ ነው።

ለዓይን ብቻ ከተሠሩት ልጀምር። ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ዶ/ር፣ መ/ር፣ ኮ/ል፦ እነዚህ የቃሉን ራስና ጅራት ይዘው መሐሉን በእዝባር የሚዘሉ ናቸው። ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ክ/ከተማ ደግሞ ከመጀመሪያው ቃል አንድ ፊደል ወስደው ሁለተኛውን እንዳለ ይተዋሉ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ መስታወት ላይ የምናየው «አ/አ» እና «ባ/ዳር»ም ከዚሁ ወገን ነው። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠራ «ባ ዳር! ባ ዳር!» አይልም። ጽሑፉ ያጠረው ቦታ ለመቆጠብ ነው፤ አንባቢው በልቡ ያለውን ሙሉ ቃል መልሶ ይዘረጋዋል።

ችግሩ የሚመጣው አንባቢው የሚዘረጋው ቃል ሁለት ሲሆን ነው። ደንበኛ መጥቶ «ም/ጎጃም ብለህ ጻፍልኝ» ሲለኝ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ምዕራብ ጎጃም ነው ምሥራቅ ጎጃም? አንዱ ዋና ከተማው ፍኖተ ሰላም፣ ሌላው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሁለቱም ግን በ«ም» ይጀምራሉ። ጠንቃቆቹ «ምዕ/ጎጃም» እና «ምሥ/ጎጃም» እያሉ ይለያሉ። ይህችው «ም» በሌላ ቦታ ምክር ቤትም ናት፣ ምክትልም ናት። «ደ»ም እንዲሁ ናት፦ በ«ደ/ታቦር» ደብረ፣ በ«ደ/ጎንደር» ደግሞ ደቡብ። የሚገርመው ደብረ ታቦር ያለችው ደቡብ ጎንደር ውስጥ ስለሆነ ሁለቱም «ደ» አንድ ፖስታ ላይ ተከታትለው ይመጣሉ፤ የአገሩ ሰው ሳይደናቀፍ ያነባቸዋል፣ እንግዳው ያፈጣል።

ከሁሉ የባሰው በሰው ስም ላይ ነው። «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ይሁን ወለተ ማርያም ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም። «ገ/መድኅን» ብለን የለመድነው ደግሞ በላቲን ፊደል «ጂ» እና እዝባር ሆኖ መታወቂያ ላይ ይወጣና፣ ፓስፖርት ሲመጣ ችግር ይሆናል። የፓስፖርቱ ግርጌ ላይ ያለው፣ መሣሪያ የሚያነበው መስመር፣ እዝባር የሚባል ነገር አይቀበልም። በአንዱ ወረቀት አንድ ፊደል፣ በሌላው ሙሉ «ገብረ» ሆኖ፣ አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። ለአንድ ባንክ «ሁለቱም እኔው ነኝ» የሚል ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለልጅ የልደት ምስክር ወረቀት የምታወጡ ወላጆች፣ እባካችሁ ስሙን ዘርግታችሁ አስጽፉ።

በነጥብ የሚጻፉት መሐል ላይ ይወድቃሉ። «ዓ.ም.» ሁልጊዜ «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ ይነበባል። «እ.ኤ.አ.» ግን አንዳንዱ «እንደ አውሮፓ አቆጣጠር» ይለዋል፣ አንዳንዱ ፊደል በፊደል «እ ኤ አ» ይለዋል። እዚህች ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። መሐለኛዋ ፊደል «ኤ» የሆነችው ድሮ «ኤውሮፓ» ተብሎ ይጻፍ ስለነበር ነው። አጻጻፉ ተቀይሮ «አውሮፓ» ሆነ፤ ምኅጻሩ ግን የድሮውን ፊደል እንደያዘ ቀረ። አሁን አሁን «እ.አ.አ.» ብለው የሚያርሙት አሉ፤ አልቆጣም፣ ግን ለአሮጌዋ «ኤ» አዝናለሁ።

«ወዘተ»ንም ብዙ ሰው «ወ.ዘ.ተ.» ብሎ በነጥብ ይጽፈዋል፤ የሦስት ቃላት መነሻ ፊደል ይመስለዋልና። ሙሉው የግእዝ «ወዘተርፈ» ነው፣ «የቀረውም» እንደማለት። «ወ» ራሷን የቻለች «እና» ናት፣ «ዘ» ራሷን የቻለች «የ» ናት፤ የተቆረጠው «ተርፈ» ብቻ ነው። በትክክል ካየነው የጎደለባት አንዷ ፊደል «ተ» ብቻ ስለሆነች ሦስት ነጥብ ይበዛባታል።

ፊደልን አሳጥሮ መጻፍ ደግሞ ቢሮክራሲ ያመጣብን አይምሰላችሁ። በጣና ደሴቶች ባሉት አድባራት ድጓ ተዘርግቶ ያየ ሰው ከዋናው ጽሑፍ በላይ ደቃቅ ፊደሎች ተሰካክተው አይቷል። የዜማ ምልክት ናቸው። ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ ከሚባሉት ምልክቶች ሌላ፣ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቆርጠው የተወሰዱ አንድ ሁለት ፊደላት አሉ፤ መሪጌታው እነሱን ሲያይ ያ ቃል የሚዜምበት ስልት ትዝ ይለዋል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት ይነገራል። ሁለት ፊደል አይቶ ሙሉ ዜማ መዘርጋት፤ ከ«ወ/ሮ» ጋር ሲተያይ የትናየት ነው።

አሁን ወደ አብክመ ወገኖች እንምጣ። ከብዙ ቃላት መነሻ ፊደል ተለቃቅሞ፣ እንደ አንድ ቃል የሚነበበውን ፈረንጆቹ አክሮኒም ይሉታል። ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ «አክሮስ» ጫፍ፣ «ኦኖማ» ስም። የጫፍ ስም እንበለው። በእንግሊዝኛ ቃሉ የተለመደው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ አጫጭር ስም እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነበር። እነሱ ሁለት ነገር ይለያሉ። ኔቶ፣ ዩኔስኮ፣ ፊፋ እንደ ቃል ስለሚነበቡ አክሮኒም ናቸው። ቢቢሲ፣ ኤፍቢአይ፣ ኤቲኤም ግን የፊደሎቹ ስም አንድ በአንድ እየተጠራ ስለሚነበቡ ሌላ ወገን ናቸው፣ የመነሻ ፊደላት ድርድር ብቻ።

ለምን ሁለት ወገን ሆኑ? መልሱ ከፊደላቸው ነው። በላቲን ፊደል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢው ለብቻው ነው የሚጻፈው። የሦስት ቃላት መነሻ ሦስት ተነባቢ ከሆነ ምላስ የሚይዘው ነገር የለም፤ ያኔ የፊደሎቹን ስም ከመጥራት ሌላ መንገድ አይኖርም። ዕድል ቀንቶት መሐል አናባቢ ከገባበት ቃል ይሆናል።

የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የፈለጋችሁትን የመነሻ ፊደል ደርድሩ፣ ይነበባል። ሙከራው ቀላል ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን በእንግሊዝኛ ያሳጠረ ሰው «ቢ-ዲ-ዩ» ብሎ ሦስት ፊደል መጥራት አለበት። በአማርኛ ብናሳጥረው «ባዳዩ» ይሆናል፤ ማንም አይለውም፣ ግን አፍ ላይ ምንም አይጎረብጥም። እንግሊዝኛው በአክሮኒምና በፊደል ድርድር መካከል ያሰመረው መስመር ለአማርኛ ብዙም የማይሠራው ለዚህ ነው። የእኛ መስመር ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ተዘርግቶ በሚነበበው በእነ ወ/ሮ እና እንዳለ በሚነበበው በእነ አልማ መካከል። ፊደል በፊደል የምንጠራቸው አብዛኞቹ ከውጭ የገቡ ናቸው። ሲገቡም በፊደል ስማቸው ስለምንጽፋቸው ማጠራቸው ይቀርና ይረዝማሉ፦ በላቲን ሦስት ፊደል የነበረው በእኛ «ኤችአይቪ» ብሎ አምስት ይሆናል።

ባሕር ዳር የእነዚህ የጫፍ ስሞች መናኸሪያ ናት። አልማ የአማራ ልማት ማኅበር ነው። አብቁተ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፣ ገበሬው ግን አሁንም «ከአብቁተ ተበድሬ» ሲል ትሰሙታላችሁ። የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት አብመድ ነበር፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሲሆን አሚኮ ተባለ። የአማራ መልሶ መቋቋምና ልማት ድርጅት ደግሞ በአማርኛው አመልድ፣ በእንግሊዝኛው ኦርዳ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የጫፍ ስም ይዞ ስለሚኖር፣ ሁለቱን የተለያዩ ድርጅቶች አድርጎ የሚያስብ ሰው አጋጥሞኛል። አመልድን ልብ ብላችሁ ብታዩት «መቋቋም» ፊደሏን አላዋጣችም። ደንቡ ጥብቅ አይደለም፤ ለአፍ የሚመቸው ይገባል፣ የማይመቸው ይቀራል። ሁልጊዜ የሚቀረው ግን «የ» ነው። «የአማራ» ብለን ጽፈን «አ»ን እንወስዳለን እንጂ «የ»ን አንወስድም፤ «የ»ን ብንወስድ ኖሮ የአገሩ መሥሪያ ቤት ስም ሁሉ በ«የ» ይጀምር ነበር።

የማታውቁት የጫፍ ስም ሲገጥማችሁ ከጅራቱ ጀምሩ። በአማርኛ ዋናው ስም ከኋላ ነው የሚመጣው፤ «የአማራ ልማት» ብለን ገልጸን ገልጸን መጨረሻ ላይ «ማኅበር» እንላለን። ስለዚህ የመጨረሻዋ ፊደል ነገሩ ምን እንደሆነ ትናገራለች። «ማ» ማኅበር፣ «ድ» ድርጅት፣ «ተ» ተቋም፣ «ፓ» ፓርቲ፣ «ግ» ግንባር፣ «ን» ንቅናቄ። መኢሶን፦ መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ። ኢሕአፓ፦ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ። በ1972 ዓ.ም. ኢሠፓአኮ ተቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ጅራቱ «ኮ»። በ1977 ፓርቲው ራሱ ሲመሠረት «አኮ» ተቆርጦ ኢሠፓ ብቻ ቀረ። አደራጁ ኮሚሽን ሥራውን ጨረሰና ስሙም አብሮት ሄደ። እዚሁ ከተማችንም መስከረም 2011 ላይ በተደረገ ጉባኤ ብአዴን (ብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ) አዴፓ (አማራ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ) ሲባል «ን» ሄዳ «ፓ» መጣች፤ ንቅናቄው ፓርቲ ሆነ ማለት ነው። ጅራት የማየት ዘዴው የማይሠራው ስሙ ከእንግሊዝኛ ሲመጣ ነው። የመኢሶንና የኢሕአፓ ዘመነኛ የነበረው ኢዲዩ (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት) በአማርኛ ፊደል ቢጻፍም ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ስም ነው፤ ጅራቱ ላይ «ዩ» ብትፈልጉ ምንም አታገኙም።

በዚያ ዘመን ስሞች መሐል አንድ አስመሳይ አለ፣ ደርግ። የውጭ ሰዎች በትልልቅ ፊደል ሲጽፉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ምኅጻረ ቃል መስሏቸው። ከግእዝ የመጣ ሙሉ ቃል ነው፤ ኮሚቴ ማለት ነው።

የጫፍ ስም ሙሉ ቃል መሆኑ የሚታወቀው ሰዋስው ሲነካው ነው። «ኢሕአዴጎች» ስንል «ግ» ወደ «ጎ» ተለወጠች፤ ከ«ግንባር» የመጣች ፊደል መሆኗን ረስታ እንደማንኛውም ስም ረባች። ግራ ቀኝ ነጥብ ወይም እዝባር ቢኖርባት ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር። ስለዚህ «አ.ል.ማ.» ወይም «አ/ል/ማ» ብሎ መጻፍ ለእኔ ቃሉን እግር ብረት ማግባት ነው። አብክመም አንዳንድ ማኅተም ላይ «አ/ብ/ክ/መ» ሆኖ ይገኛል፤ እሱ ገና ቃል ይሁን አይሁን አልቆረጠለትም። ጋዜጠኛ ያነበዋል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ «አብክመ እንዲህ አለ» የሚል ሰው ግን አልሰማሁም።

ሳያጠራቅሙ፣ ዝም ብሎ ቆርጦ መውሰድም አለ። የባጃጅ ሾፌሮቻችን «ፔዳ! ፔዳ!» ብለው ሲጠሩ የሚሄዱበት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስሙ ከፔዳጎጂ የተቆረጠ ነው፤ ድሮ የመምህራን ማሠልጠኛ በነበረበት ጊዜ ከነበረው ስም። «ፖሊ»ም ከፖሊ ቴክኒክ ነው። በ1992 ሁለቱ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የተቆረጡት ስሞች ግን ከነሕይወታቸው ባጃጅ ላይ ይዞራሉ። ዛሬ ፔዳ የሚማር ልጅ ፔዳጎጂ የሚለውን ቃል ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ፎቶና ኪሎም እንዲሁ የተቆረጡ ናቸው።

ጣና በ2007 ዓ.ም. የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ የሁለት ዓይነት ስም ባለቤቶች ነበሩበት። ዩኔስኮ ፊደል ለቃሚ ነው። ይህን ሥራ ያገዘው የጀርመኑ ናቡ ግን ፊደል አይለቅምም፣ ክፍለ ቃል ነው የሚለቅመው፤ ከ«ናቱርሹትስቡንድ» (የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር) «ና»ንና «ቡ»ን ወስዶ ገጠማቸው። ዩኔስኮን ደግሞ በአማርኛ እናሳጥርህ ብንለው፣ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ «ተመትሳባድ» ይሆን ነበር። ይነበባል፤ ግን ይቅርብን።

ከውጭ የመጡት አንዳንዴ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ወገን ይቀይራሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ኤፍ ኤ ኦ» ይለዋል፤ የእኛ ግብርና ባለሙያ «ፋኦ» ብሎ ይገላገላል። ሌሎቹ ደግሞ ምኅጻር መሆናቸው ጭራሽ ተረስቷል። ራዳር፣ ሌዘር፣ ኤድስ፣ በስልካችን ያለው ሲም፣ የምንደብቀው ፒን ሁሉም የመነሻ ፊደል ክምችቶች ናቸው። ተረስቷልና «ፒን ቁጥር» እንላለን፤ ቁጥርነቱ ግን መጨረሻው ፊደል ውስጥ አለ። «ኤቲኤም ማሽን» ላይ ማሽኑ ሁለቴ፣ «ኤችአይቪ ቫይረስ» ላይ ቫይረሱ ሁለቴ ተጠርቷል። የሚያርሙ ሰዎች አሉ። እኔ አላርምም፤ ሰው «ኤቲኤም» ሲል ቃል ነው የሚሰማው፣ ፊደል እየቆጠረ አይደለም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ያው ይሉታል።

ተቃራኒውም አለ፣ ላልነበረ ነገር ፍቺ መስጠት። የመርከብ የድረሱልን ጥሪ የሆነውን ኤስ ኦ ኤስ «ነፍሳችንን አድኑ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምኅጻር ነው ይሉታል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 በርሊን ላይ የተመረጠው በሞርስ ለመምታትና ለመለየት ስለሚቀል ነው፤ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር። ፍቺው በኋላ የተገጠመለት ነው። ባሕር ዳርም ውስጥ መንደር ያለው ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት ድርጅት ግን ሌላ ነው፤ እሱ እውነተኛ ምኅጻር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኦስትሪያ ውስጥ ሄርማን ግማይነር ሲመሠርተው ስሙ በላቲን «ሶሲዬታስ ሶሲያሊስ» ነበር። አንዱ ባዶ ምልክት፣ ሌላው ሙሉ ስም፤ ሲጻፉ አንድ ናቸው።

የዘጌዋ እናት የደብዳቤያቸውን መልስ እንድጽፍላቸው ነበር የፈለጉት። ከላይ «ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» ብዬ፣ የጽሕፈት ቤቱንም ስም ሳላሳጥር ዘርግቼ ጻፍኩላቸው። ሁለት መስመር ሙሉ ያዘ። ወረቀቱን ተቀብለው ርዝመቱን በጣታቸው ለኩት።

«ዕድሜ ይስጥህ» አሉ። «ግን የምታስከፍለው በመስመር ነው?»

«በገጽ ነው እማማ።»

«እንግዲያውስ ስሜንም እንዲሁ ዘርጋልኝ።»